ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ነው ወይስ ጠያቂ አጥቶ?



በኮምፒዩተር ክፍል በር ላይ ሰልፍ የሚታየው ኮምፒዩተር ጠፍቶ አይደለም። ኮምፒዩተር አለ፤ ወንበርም አለ። ነገር ግን ከማሽኖቹ መካከል ብዙዎቹ ተከፍተው ለሥራ እስኪዘጋጁ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል። አንድ ሰነድ ለመክፈት ደግሞ ቶናው ይከተላል። «ስታክ አደረገ» ማለት የዕለት ተዕለት ንግግራችን ሆኗል። በዚህም የተነሣ ሠልጣኙ ባዶውን ወንበር ትቶ ፈጣኑን ማሽን ለመያዝ ይሰለፋል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አርጅተዋል፤ አዲስ ይገዛል ተብሏል።»

እኔ በበኩሌ በዚህ መልስ አልስማማም። ከነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ያረጁ ሳይሆኑ ጠያቂ ያጡ ናቸው። ያጡትም ጥየቃ በአብዛኛው አንዲት ክፍላቸውን የሚመለከት ነው፤ እርሷም ሃርድ ዲስክ ናት። ስለሆነም አዲስ ከመጠበቃችን በፊት ያለንን መያዝ እንወቅ፤ ይህንንም ለጥገና ሠራተኛ ብቻ ሳንተው የመምህርነት ሥልጠናችን አካል እናድርገው የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቀላል ግን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ በ2017 ዓ.ም.ም ቀጥሏል። የዛሬው ሠልጣኝ ነገ በሚመደብበት ትምህርት ቤት የተንቀራፈፈ ኮምፒዩተር የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የተማሪ ዕጣ ፈንታ ጉዳይ ይሆናል። እዚህ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ሆነን ባለሙያ ብንፈልግ ሳሪስ ወይም ጀርመን አደባባይ አካባቢ ወጥተን ጠጋኝ እናገኛለን። ከዋናው መንገድ ርቆ የሚመደበው መምህር ግን ወዴት ይወጣል?

ያለፈውንም እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ስክሪን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። በነዚያ ዓመታትም በስኩልኔት ፕሮግራም ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ቤቶች ተሰጥተዋል። ከዚያስ? ብዙዎቻችን ተማሪ ሳለን ያየነው ነው፤ ስክሪኑ አንድ ቀን ጠፋ፣ ጠጋኝ አልመጣም፣ ግድግዳው ላይ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ ቀረ። መሣሪያ ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያን በሕይወት ማቆየት ሌላ ነገር ነው።

ቀርፋፋው ማን ነው?

የኮምፒዩተርን አሠራር በመዝገብ ቤት እንመስለው። ፕሮሰሰሩ ጸሐፊው ነው፤ ይጽፋል፣ ያሰላል። ራም የጸሐፊው ጠረጴዛ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ወረቀት የሚዘረጋበት። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ በስተጀርባ ያለው የመዝገብ መደርደሪያ ነው። ጸሐፊው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን መዝገቡ ከመደርደሪያው እስኪመጣለት ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን በየደቂቃው ወደ መደርደሪያው እየመለሰ እንደገና ማስመጣት ይኖርበታል። ራም ሲያንስ ኮምፒዩተሩ ከዲስኩ ላይ ቦታ የሚበደረውም እንደዚሁ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። የብዙ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። ስለዚህ አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። (ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው።) የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ ማለትም 5.5 ሚሊሰከንድ መጠበቅ አለ። ማንበቢያውን የተሸከመው ክንድ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመሄድ ደግሞ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨምራል። ድምሩ 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሲሰሙት ምንም አይደለም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በየቦታው የተበተኑ 10,000 ቁርጥራጮችን ማንበብ አለበት እንበል። 10,000 ጊዜ 15 ሲባዛ 150,000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ቁርጥራጮቹ ተከታትለው ቢቀመጡ ኖሮ ግን ክንዱ ወዲያና ወዲህ መሮጡ ስለሚቀር ጥቂት ሰከንዶች ይበቁ ነበር። እንግዲህ ጸሐፊው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ መዝገቡ ተበትኖበት ነው።

መበተኑ እንዴት ይመጣል? ዲስኩ ሲሞላ ለአዲሱ ፋይል አንድ ላይ የሆነ ክፍት ቦታ አይገኝም። ስለዚህ እዚህ ቁራሽ፣ እዚያ ቁራሽ ተደርጎ ይቀመጣል። ፊልም የጫነ፣ ዘፈን የገለበጠ፣ ያንኑ ሞጁል አምስት ጊዜ ያወረደ ሁሉ ለዚህ ድርሻ አለው። የጋራ ማሽን የማንም አይደለም ብለን ስለምናስብ ሁላችንም እንጥልበታለን፤ የሚያነሣ ግን የለም።

በዚህ ላይ ፍላሽ ይመጣል። ፎልደርን ሰውሮ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ የማያውቀው ሠልጣኝ ያለ አይመስለኝም። ከአንዱ ፍላሽ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ሌላው ፍላሽ እየተሻገረ ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል። ቫይረሱን እንዲከላከሉ ተብሎ ሁለት ሦስት ጸረ ቫይረስ በአንድ ማሽን ላይ ሲጫኑ ደግሞ ሁሉም ዲስኩን በአንድ ጊዜ ይፈትሻሉ፤ ሥራው ጨርሶ ይቆማል።

መብራት መሄዱም አለ። ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ የፋይሉ ማውጫና ፋይሉ ራሱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ይባስ ብሎ መብራት ሳይሄድም ሶኬቱን ነቅሎ ወደ ምሳ የሚሮጥ ሞልቷል። መብራት ኃይልን የምንወቅስበትን ጉዳት በገዛ እጃችን በየቀኑ ስንፈጽም ምን ይባላል?

«ፎርማት ይደረግ»

ማሽን ሲንቀራፈፍ በኛ ዘንድ የተለመደው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ፎርማት ማድረግ። ወጣቱ ጠጋኝ ይመጣል፣ ዲስኩን ያጸዳል፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጭናል፣ ይሄዳል። ማሽኑም ለጥቂት ሳምንታት ይፈጥናል። ከዚያ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለምን ቢባል ምክንያቱ አልተነካማ! ያው ፍላሽ፣ ያው ሶኬት ነቀላ፣ ያው ጭነት ይቀጥላል። ዲስኩ ራሱ የታመመ ከሆነ ደግሞ ፎርማት ማድረግ በሚሰነጠቅ ግድግዳ ላይ ኖራ መቀባት ነው።

ከሁሉ የከፋው በመሐል የሚጠፋው ነገር ነው። የተግባራዊ ምርምር ወረቀት፣ የትምህርት ዕቅድ፣ የውጤት መዝገብ እዚያ ነበር። በምረቃ ሰሞን «ፋይሌ ዴስክቶፕ ላይ ነበር» እያለ የሚንከራተት ሠልጣኝ በየዓመቱ አይጠፋም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ፎርማት የመጨረሻ እርምጃ ነው እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

ታዲያ በምን ቅደም ተከተል ይሠራ?

1ኛ/ ምርመራ ይቅደም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ብንጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፕሮሰሰሩ በጥቂት በመቶ ብቻ እየሠራ ዲስኩ 100 በመቶ የሚል ከሆነ ቀርፋፋው ዲስኩ ወይም ዲስኩን ሥራ ያበዛበት ነገር ነው። ራሙ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ጠቧል ማለት ነው። ያልመረመረ ሐኪም መድኃኒት አያዝም፤ እኛም እንደዚሁ።

2ኛ/ ከመንካት በፊት መገልበጥ። በማሽኑ ላይ ያለ ጠቃሚ ሰነድ ሁሉ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ፋይል እንደሌለ ይቆጠር።

3ኛ/ የዲስኩን ጤና መጠየቅ። ሃርድ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱን ሁኔታ የሚመዘግብበት ዘዴ አለው። ክሪስታልዲስክኢንፎን በመሳሰለ ነፃ ፕሮግራም መዝገቡን ማንበብ ይቻላል። ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎች ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ከጨመረ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ እርሱን ማጽዳትና ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው። ቶሎ መገልበጥ፣ ከዚያም መለወጥ ብቻ ነው።

4ኛ/ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ቦታ ማስለቀቅ። ጊዜያዊ ፋይሎችን፣ ሪሳይክል ቢንን፣ የዳውንሎድ ፎልደርን ማጽዳት። ከዲስኩ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ክፍት ሆኖ ይቆይ። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሳይጠሩ አብረው የሚነሡትንም ፕሮግራሞች ከታስክ ማናጀር ላይ መቀነስ፤ ገሚሶቹን ማንም አይጠቀምባቸውም። ጸረ ቫይረስም አንድ ይበቃል።

5ኛ/ ስሕተት ማረምና የተበተነውን መሰብሰብ። ቼክ ዲስክ የማውጫውን ስሕተት ያርማል። ዲፍራግ ደግሞ የተበተኑትን ቁርጥራጮች ወደ አንድ ቦታ ይሰበስባል። ዊንዶውስ ዲፍራጉን በየሳምንቱ በራሱ እንዲያከናውን ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ሆኖም ይህን የሚሠራው ማሽኑ በርቶ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ነው። የኮምፒዩተር ክፍል ማሽን ግን ወይ ሰው አለበት ወይ ጠፍቷል። በመሆኑም አንድ ሰው ቀን ቆርጦ ካላሠራው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

6ኛ/ አቧራና ሙቀት። የማሽኑን ሽፋን ከፍቶ የማቀዝቀዣውን ፋን ማጽዳት ይቻላል፤ ይገባልም። በየመንገዱ ቁፋሮና ግንባታ በማይለየው ክፍለ ከተማችን አቧራው ከመስኮት አልፎ ይገባል። ሃርድ ዲስኩን ራሱን ግን ማንም አይክፈት! ማንበቢያው ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ነው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለርሱ ኮረብታ ናት። በርቶ እያለ ማሽኑን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ መጎተትም ለዚሁ አደጋ ያጋልጠዋል።

መለወጥ ሲያስፈልግስ?

ዘላለም አሮጌውን እንጠግን አላልሁም። የመጀመሪያው ባለ ሃርድ ዲስክ ኮምፒዩተር፣ የአይ.ቢ.ኤም. ራማክ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳሕኑ አንሷል፣ የሚይዘው በዝቷል፤ ነገር ግን ክንዱና ሽክርክሪቱ አልቀሩም። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ እንደ ፍላሽ በኤሌክትሮኒክስ ይሠራል። አንድን ቦታ ለማግኘት 0.1 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ከላይ ያሰላነው 2 ደቂቃ ተኩል ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል ማለት ነው። አሮጌ ማሽን ላይ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ልዩነቱ ወዲያው የሚታየው ይህ ነው።

ስለዚህ የግዥ ዕቅድ ሲወጣ ጥያቄው «ስንት አዲስ ኮምፒዩተር?» ብቻ መሆን የለበትም። «ስንት ኤስ.ኤስ.ዲ.ና ስንት ራም ብንገዛ ስንት ማሽን ይነሣል?» ተብሎም ይጠየቅ። በአንድ አዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ በርካታ አሮጌ ማሽኖችን ማንሣት ይቻላል፤ ዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቦ ማወዳደር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ኤስ.ኤስ.ዲ. የተገጠመለትን ማሽን ዲፍራግ ማድረግ ጥቅም የለውም፤ በከንቱ ያደክመዋል። ዊንዶውስ ለርሱ የሚሆነውን ጥገና ለይቶ ያውቃል።

ዲስክ ሁሉን ይፈታል ለማለትም አልደፍርም። የዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ለነዚህ ሊኑክስን መሞከር ወይም ከኢንተርኔት ለይቶ ለጽሕፈት ብቻ ማዋል ይቻላል። ያገለገለ ኮምፒዩተር በሚገባ ከታደሰ ለትምህርት እንደሚበቃ በዓለም ላይ ምስክር አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ የተመሠረተው ካማራ ኤጁኬሽን ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን እያደሰ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ሲያደርስ የኖረው በዚሁ እምነት ነው። ሌላው የጣለውን እኛ ተቀብለን የምንማርበት ከሆነ፣ በእጃችን ያለውን እንዴት እንጥላለን?

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«እኛ መምህራን ነን እንጂ ቴክኒሺያን አይደለንም» የሚሉ አሉ። መምህር ጠመኔና ሰሌዳ መያዝ ሲማር አናጢ ሆነ አልተባለም። መሣሪያን መያዝ የሙያው አካል ነው።

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?» የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በዋዛ የሚታለፍም አይደለም። በሞዴል ፈርሞ የተረከበው ሰው ሥጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን በፍርሃት ተቆልፎ የተቀመጠ ማሽንም እየተበላሸ ነው፤ ልዩነቱ ማንም የማይጠየቅበት መሆኑ ብቻ ነው። መፍትሔው መከልከል አይደለም፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ የሚታወቅበትን ሥርዓት ማበጀት ነው። ፋይል ማጽዳት፣ ጤና ማንበብ፣ ዲፍራግ ማድረግ ለሠልጣኝ ሊፈቀድ ይችላል። ሽፋን መክፈትና ዲስክ መለወጥ ግን በመምህር ፊት ይሁን።

በመሆኑም የሚከተለውን ሐሳብ ለውይይት አቀርባለሁ።

ሀ/ እያንዳንዱ ማሽን የጥገና ካርድ ይኑረው፤ የዲስኩ ዓይነት፣ ጤናው፣ የተደረገለት ሁሉ ከነቀኑና ከነፊርማው ይጻፍበት።

ለ/ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ለጥገና ይመደብ፤ ሠልጣኞች በቡድን በቡድን ማሽን ይረከቡ፤ ሥራቸውም በተግባር ልምምድ ውጤት ላይ ይቆጠርላቸው።

ሐ/ ማንኛውም ፍላሽ በአንድ በተመረጠ ማሽን ላይ ሳይፈተሽ ወደ ሌላው አይግባ።

መ/ ማሽን ፎርማት ከመደረጉ ከ3 ቀን በፊት ማስታወቂያ ይለጠፍ፤ ባለፋይሉ ፋይሉን ያውጣ።

ሠ/ ከአገልግሎት የሚወጣ ዲስክ ሳይጸዳ አይሸጥ፣ አይጣል። ፋይልን ማጥፋት ማውጫውን መሰረዝ እንጂ ጽሑፉን መፋቅ አይደለም፤ በቀላል ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። የተማሪ ስም፣ ውጤትና ስልክ ቁጥር እላዩ ላይ ሆኖ ገበያ መውጣት የለበትም። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ካወጣች በኋላ ደግሞ ጉዳዩ የይሉኝታ ሳይሆን የሕግ ነው።

ከነዚህ ከአምስቱ ውስጥ አራቱ ምንም ገንዘብ አይጠይቁም ማለት ይቻላል፤ የካርዱ ወረቀት እንኳ ከቢሮ አይጠፋም። የሚጠይቁት ሰዓትና ኃላፊነት ነው። ምናልባት እስካሁን ያልተሠሩትም ለዚሁ ይሆናል። ገንዘብ የለም ማለት ይቀላል፤ እኔ ልሥራው ማለት ግን ይከብዳል።

የሰፈራችን ስም ራሱ የቴክኒክ ስም ነው። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ አልባ ማለት ነው፤ ያኔ እንግዳ የነበረውን መሣሪያ አባቶቻችን በገዛ ቋንቋቸው ስም አውጥተው አላመዱት። የዛሬው መሣሪያ ከዚያ አይከብድም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ማሽኖቹ ጨርሰው ሳይሞቱ፣ ፋይሎቹም ሳይጠፉ እጃችንን እናንሣ። የኮምፒዩተር ክበብ አባላትና የክፍሉ ኃላፊዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ያላችሁን ድጋፍም ሆነ ተቃውሞ ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንድትለጥፉ እጋብዛለሁ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማሽን ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ሁለት ነገር ያድርግ፦ የሥራውን ቅጂ ይያዝ፤ ሲነሣም ሶኬቱን ሳይነቅል በሥርዓቱ ያጥፋ።